በኢሚግራንት ቪዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አሜሪካ ለሚጓዙ፦ የአየር መንገዱን የተሳፋሪ መረጃ አሞላል ዝርዝር መመሪያ

የኢሚግራንት ቪዛ፣ ማለትም አሜሪካ በቋሚነት ለመኖር የሚሰጠውን ቪዛ፣ የያዘ ሰው ትኬቱን ቆርጦ የአየር መንገዱን ድረ ገጽ ወይም የስልክ መተግበሪያ ሲከፍት የሚያገኘው ቅጽ በአመዛኙ የተሰናዳው ለሁለት ዓይነት ተጓዦች ነው። አንደኛው ለጉብኝት፣ ለሥራ ወይም ለትምህርት ሄዶ የሚመለስ ሰው ሲሆን ሌላው ግሪን ካርዱን በእጁ የያዘ ነዋሪ ነው። እርስዎ ግን አሜሪካ ገብተው የመግቢያ ማኅተሙ ቪዛዎ ላይ እስኪመታ ድረስ ከሁለቱም ወገን አይደሉም። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ምክንያት ነው። ግሪን ካርድ አለዎት ወይ ሲባል በቅርቡ ይደርሰኛል ብሎ "አዎ" ይላል፤ የመመለሻ ቀን ሲጠየቅ የሌለ ቀን ይጽፋል፤ የቪዛ ቁጥር ሲባል ቪዛው ላይ መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈበትን ረጅም ቁጥር ይገለብጣል።

ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ በአንድ ደንብ ይመራሉ። በፓስፖርትዎና በቪዛዎ ላይ የታተመውን ብቻ ይጻፉ፤ የእርስዎን ሁኔታ የሚገልጽ ምርጫ ካጡ ደግሞ ገጹን ለማለፍ ሲሉ ያልሆነውን አይምረጡ፤ ያንን ክፍል አውሮፕላን ማረፊያ ላለው የቼክ ኢን ሠራተኛ ይተዉት።

መረጃው ወዴት ይሄዳል?

ወደ አሜሪካ የሚበር አየር መንገድ የተሳፋሪውን ሙሉ ስም፣ የልደት ቀንና ጾታ ከበረራው 72 ሰዓት በፊት ጀምሮ ቲኤስኤ ለሚባለው የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ያስተላልፋል። የፓስፖርቱን ዝርዝር፣ ዜግነቱን፣ የመኖሪያ አገሩንና አሜሪካ ውስጥ የሚያርፍበትን አድራሻ ደግሞ ኤፒአይኤስ በሚባለው ሥርዓት በኩል ለጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ፣ ለሲቢፒ፣ ይልካል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይረዱ። ስምዎ አስቀድሞ የሚጣራው ትኬቱ ላይ በተጻፈው መሠረት ስለሆነ፣ የተሳሳተ ትኬት ይዘው ቅጹን ብቻ ቢያስተካክሉ ችግሩ አይፈታም። በተጨማሪም ተገቢው ሰነድ የሌለውን መንገደኛ ያሳፈረ አየር መንገድ ስለሚቀጣ፣ የቼክ ኢን ሠራተኛው በቅጹና በሰነድዎ መካከል ያየውን ልዩነት በዝምታ አያልፈውም።

ደረጃ 1፦ ሰነዶቹን ጠረጴዛ ላይ ያሰናዱ

ቅጹን በትዝታ ወይም በስልክ ካነሱት ፎቶ እያዩ አይሙሉ። የሚከተሉትን ከፊትዎ ያስቀምጡ፦

1. ቪዛው የተለጠፈበትን ፓስፖርት፤
2. የትኬቱን ማረጋገጫና ስድስት ፊደላትና ቁጥሮች ያሉትን የቦታ ማስያዣ ኮድ፤
3. አሜሪካ የሚቀበልዎትን ሰው ሙሉ አድራሻ፣ በራሱ እጅ በጽሑፍ መልእክት ከነዚፕ ኮዱ (ከአካባቢው የፖስታ ቁጥር) ጋር የላከልዎትን፤
4. የሚሠራ የኢሜይል አድራሻና ስልክ ቁጥር።

አድራሻውን በስልክ ተነግሮዎት አይጻፉ። በመንገድ ስም ላይ አንድ ፊደል ሲሳት ወይም የአፓርትማው ቁጥር ሲረሳ ስልክ ላይ ማንም ልብ አይለውም።

ከዚያ ምንም ነገር ሳይሞሉ በፊት ቪዛውን ከፓስፖርቱ ጋር ያመሳክሩ። ስም፣ የልደት ቀን፣ ጾታና የፓስፖርት ቁጥር አንድ መሆናቸውን ፊደል በፊደል ይዩ። ቪዛው ላይ ስሕተት ካገኙ እዚያው ያቁሙና ቪዛውን የሰጠውን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ያነጋግሩ፤ የቪዛ ስሕተት በአየር መንገድ ቅጽ አይታረምም። የቪዛውንም ማብቂያ ቀን ይመልከቱ። የኢሚግራንት ቪዛ ቢበዛ ለ6 ወር የሚሰጥ ሲሆን፣ የጤና ምርመራው የሚያገለግልበት ጊዜ ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ ከዚያም ያጥራል። ቁም ነገሩ ከአገር የሚወጡበት ቀን ሳይሆን አሜሪካ ደርሰው መግቢያው ላይ የሚቀርቡበት ቀን ነውና፣ በረራ ቢዘገይ ወይም ተከታዩ በረራ ቢያመልጥዎት የሚያተርፍ ቀን ይኑርዎት። በመጨረሻው ዕለት የሚያደርስ ትኬት ባይገዙ እመክራለሁ።

ደረጃ 2፦ ስምዎን እንደ ፓስፖርቱ ያስተካክሉ

ከሁሉ በላይ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ደረጃ ይህ ነው። ቅጹ የቤተሰብ ስምና የተሰጠ ስም፣ ማለትም "ሰርኔም" እና "ጊቭን ኔም"፣ ብሎ ሁለት ቦታ ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ብለን ሦስት ስም እንጠራለን። ሦስቱን በሁለቱ ሳጥኖች ውስጥ እንዴት እንደሚከፍሉ በራስዎ አይወስኑ፤ ፓስፖርቱ አስቀድሞ ወስኖልዎታል።

1. የፓስፖርቱን የፎቶ ገጽ ከፍተው ከታች ያሉትን፣ በ"<" ምልክቶች የተሞሉትን ሁለት መስመሮች ይፈልጉ።
2. በላይኛው መስመር ላይ ሦስቱን የአገር ኮድ ፊደላት ተከትሎ እስከ መጀመሪያዎቹ ሁለት ተከታታይ "<<" ምልክቶች ድረስ ያለው የቤተሰብ ስምዎ ነው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የአያት ስም ነው።
3. ከ"<<" በኋላ ያለው ሁሉ የተሰጠ ስም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የራስዎና የአባትዎ ስም በአንድነት።
4. ሁለቱንም በዚያው ክፍፍልና በዚያው አጻጻፍ ወደ ቅጹ ይገልብጡ። ነጠላው "<" ክፍት ቦታን ስለሚወክል ምልክቱን ራሱን አይጻፉ።

ለምሳሌ ፓስፖርቱ ላይ አበበ ከበደ ተሰማ የተባለ ሰው "ተሰማ" በቤተሰብ ስም፣ "አበበ ከበደ" በተሰጠ ስም ተጽፎ ከሆነ ትኬቱም ቅጹም እንዲሁ መሆን አለባቸው። ሰዎች በዕለት ኑሮ አበበ ከበደ ብለው ስለሚጠሩት የጉዞ ወኪሉ "ከበደ"ን የቤተሰብ ስም አድርጎ አያቱን ሊተወው ይችላል። ይህ በአገር ውስጥ ጉዞ ላይ ላያስቸግር ይችላል፤ እዚህ ላይ ግን ትኬቱ ከፓስፖርቱ ጋር ስለማይገጥም መታረም አለበት።

"ሚድል ኔም" የሚል ሦስተኛ ሳጥን ካለና መሞላቱ ግዴታ ካልሆነ፣ ሁለቱን ስሞች በተሰጠ ስም ሳጥን ውስጥ አብረው ይጻፉና ሚድል ኔሙን ባዶ ይተዉት። ትኬቱ ላይ ስሞቹ ያለ ክፍት ቦታ ተጣብቀው ወይም "ሚስተር" እና "ሚስስ" የሚሉት መጠሪያዎች በአሕጽሮት ከስሙ መጨረሻ ላይ ተለጥፈው ቢያዩ አይደንግጡ፤ የቦታ ማስያዣ ሥርዓቶች የሚሠሩት እንደዚያ ነው።

ስሕተት ካገኙ፦ ትኬቱን የገዙበትን ቢሮ ወይም ወኪል ወዲያውኑ ያነጋግሩና የፓስፖርቱን ፎቶ ልከው የስም እርማት ይጠይቁ። አንድ ሁለት ፊደል ማረም ቀላል ሲሆን፣ የስም ቅደም ተከተል መለወጥ ወይም የጎደለ ስም መጨመር ግን ትኬቱን እንደገና ማውጣት ሊጠይቅ ስለሚችል ለጉዞው ዋዜማ አያቆዩት። ወኪሉ "ችግር የለውም፣ ያሳፍሩዎታል" ቢልዎት ቃሉን ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ አየር መንገዱ ራሱ ቦታ ማስያዣው ላይ እንዲያርመው ወይም ማስታወሻ እንዲያስገባበት ይጠይቁ። ቅጹን ከተሳሳተው ትኬት ጋር እንዲመሳሰል አድርጎ መሙላት ስሕተቱን ሁለት ያደርገዋል እንጂ አይሸፍነውም።

ደረጃ 3፦ ቀኖችን በጥንቃቄ ይጻፉ

የልደት ቀንዎን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አይጻፉ፤ በራስዎ ስሌት ከኢትዮጵያ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለመለወጥም አይሞክሩ። ፓስፖርቱ ላይ የታተመውን ይገልብጡ። መስከረም 5 ቀን 1983 የተወለደ ሰው በትክክል ሲሰላ ሴፕቴምበር 15 ቀን 1990 ይሆናል፤ ሆኖም ፓስፖርቱ ላይ ሌላ ቀን ታትሞ ከሆነና ቪዛውም እንደዚያው ከተሰጠ፣ ለዚህ ጉዞ የሚያገለግለው የታተመው ነው።

ሌላው ወጥመድ የቀንና የወር ቅደም ተከተል ነው። 05/09 በአንዳንድ ቅጾች ሴፕቴምበር 5 ሲሆን በአሜሪካውያን አጻጻፍ ግን ሜይ 9 ነው። ከሳጥኑ በላይ ወይም በውስጡ በፈዘዘ ቀለም የተጻፈውን ቅርጽ ይመልከቱ፤ ወሩን በስሙ መምረጥ የሚያስችል ዝርዝር ካለ እሱን ይጠቀሙ። የፓስፖርቱን የተሰጠበትና የሚያበቃበትን ቀን አለዋውጦ መጻፍም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ገጹ ፓስፖርቱ ጊዜው እንዳለፈ ከነገረዎት መጀመሪያ ይህን ይመርምሩ።

ደረጃ 4፦ ፓስፖርቱን በዋና ሰነድነት ያስገቡ

"የጉዞ ሰነድ ዓይነት" በሚለው ዝርዝር ውስጥ "ፓስፖርት" የሚለውን ይምረጡ። ቁጥሩን ሲገለብጡ ፊደሉን "ኦ" ከዜሮ፣ "አይ" የተባለውን ፊደል ከአንድ ቁጥር ይለዩ፤ ከተጠራጠሩ ከፎቶ ገጹ ታች ባለው ሁለተኛ መስመር መጀመሪያ ላይ የተደገመውን ቁጥር ያነጻጽሩ።

ፓስፖርቱን የሰጠ አገር ሲባል ፓስፖርቱን ያወጡበት ከተማ የሚገኝበት አገር ማለት አይደለም። ውጭ አገር ካለ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ያወጡት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ሰጪው አገር ኢትዮጵያ ነው።

ደረጃ 5፦ ዜግነትና የመኖሪያ አገር

ዜግነት የፓስፖርትዎ አገር ነው፤ ቪዛ ማግኘት ዜግነትን አይለውጥም።

የመኖሪያ አገር የሚለው ግን ሰውን ያወዛግባል። ቋሚ ነዋሪነትዎ የሚጀምረው አሜሪካ መግቢያ ላይ የድንበር ሹሙ ሲያስገባዎት ስለሆነ፣ ቅጹን በሚሞሉበት ሰዓት የመኖሪያ አገርዎ አሁን የሚኖሩበት ነው። ኢትዮጵያ የሚኖር ኢትዮጵያን፣ ኬንያ ወይም ሌላ አገር የሚኖር ያንን አገር ይምረጥ። "ልኖር የምሄደው አሜሪካ ነው" ብሎ አሜሪካን መምረጥ በአንዳንድ ቅጾች ላይ የአድራሻውን ገጽ ያጠፋና በምትኩ የግሪን ካርድ ቁጥር ይጠይቃል፤ አሜሪካውያንና ነባር ነዋሪዎች በአሜሪካ የሚያርፉበትን አድራሻ እንዲሰጡ አይጠየቁምና። የአድራሻው ገጽ ሳይመጣልዎት ከቀረ ወደ ኋላ ተመልሰው ይህን ምርጫ ይዩ።

ደረጃ 6፦ ቪዛውን ያስገቡ

ፓስፖርቱን ካስገቡ በኋላ ቅጹ ሁለተኛ ሰነድ ይጠይቃል። "ቪዛ" የሚለውን ይምረጡ። "ፐርማነንት ሬዝደንት ካርድ" ወይም "ግሪን ካርድ" የሚለውን አይምረጡ። ቪዛው ላይ ማኅተም ሲመታበት ለአንድ ዓመት የቋሚ ነዋሪነት ጊዜያዊ ማስረጃ ሆኖ እንደሚያገለግል ተጽፎበታል፤ ያ የሚሆነው ግን ከገቡ በኋላ ነው።

ትክክለኛውን ቁጥር መለየት

የኢሚግራንት ቪዛ ላይ ብዙ ቁጥሮች ታትመዋል፤ አየር መንገዱ የሚፈልገው አንዱን ብቻ ነው።

የቪዛ ቁጥር፦ በቪዛው በስተቀኝ ታችኛው ክፍል በቀይ ቀለም የታተመው፣ ስምንት ፊደልና ቁጥር ያለው ነው። የሚጽፉት ይህንን ነው።

የቁጥጥር ቁጥር፦ ከላይ በስተቀኝ ያለው ረጅሙ ነው። አይጻፉት።

የጉዳይ ቁጥር፦ ከቃለ መጠይቁ በፊት ጀምሮ ሲጠቀሙበት የቆዩት ነው። የዲቪ ከሆነ በፈረንጅ ዓመት ቁጥር ይጀምራል። አይጻፉት።

የምዝገባ ቁጥር፦ "ኤ" በሚለው ፊደል የሚጀምረው ሲሆን ወደፊት በግሪን ካርድዎ ላይም የሚወጣው እሱ ነው። አይጻፉት።

የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ግን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ። ዩኤስሲአይኤስ ለሚባለው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የሚከፈለውን፣ ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ 235 ዶላር የሆነውን የኢሚግራንት ክፍያ በኢንተርኔት ለመክፈል የሚያስፈልጉት እነሱ ናቸው። ክፍያው ለመሳፈር አይጠየቅም፤ ሳይከፈል ግን ግሪን ካርዱ አይላክም።

የቪዛ ምድብ ሲጠየቁ

ቪዛዎ ላይ ምድቡ እንደ አይአር1፣ ሲአር1፣ አይአር5፣ ዲቪ1 ወይም ኤፍ41 ባለ ኮድ ታትሟል። በቅጹ ዝርዝር ውስጥ ይኸው ኮድ ወይም "ኢሚግራንት" የሚል ምርጫ ካለ ይምረጡ። በቤተሰብ ምድብ የሚጓዙ ሰዎች ግን ልዩ ጥንቃቄ ያድርጉ፦ በአየር መንገድ ዝርዝር ውስጥ "ኤፍ1" የሚለው የተማሪ ቪዛ ነው። የአሜሪካዊ ዜጋ ያላገባ ልጅ ሆነው ቪዛዎ ላይ ኤፍ11 ተጽፎ እያለ ይመሳሰላል ብለው ኤፍ1ን ከመረጡ በተማሪነት ተመዘገቡ ማለት ነው። የሚገጥም ኮድ ከሌለ "ሌላ" የሚለውን ይምረጡ፤ እሱም ከሌለና ገጹ አላሳልፍ ካለ የቪዛውን ክፍል ሳይሞሉ ይውጡ።

የቪዛው ሰጪ አገር አሜሪካ ነው። የተሰጠበት ቦታ ደግሞ ቪዛው ላይ ከላይ የተጻፈው ከተማ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ፣ ነው። ሁለቱን ሳጥኖች አያደባልቁ።

ደረጃ 7፦ በአሜሪካ የሚያርፉበት አድራሻ

የሚጻፈው የመጨረሻ መድረሻዎ ነው። አውሮፕላኑ መጀመሪያ የሚያርፍበት ከተማ ወይም የሚቀይሩበት አውሮፕላን ማረፊያ አይደለም። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም፣ የአፓርትማ ቁጥር፣ ከተማ፣ ስቴት፣ ዚፕ ኮድ በዚህ ቅደም ተከተል ይሙሉ። እንደ "#" ያሉ ምልክቶችንና ነጠላ ሰረዝን አንዳንድ ቅጾች ስለማይቀበሉ ያስወግዱ። የመንገዱ ስም ረዝሞ ሳጥኑ ውስጥ አልገባ ካለ የአፓርትማውን ቁጥር በሁለተኛው የአድራሻ መስመር ላይ ይጻፉ።

ስቴት ሲመርጡ ቀስ ይበሉ። "ዋሽንግተን" የሚለው የስቴት ስም በምዕራብ ዳርቻ ያለው፣ ሲያትል የምትገኝበት ነው፤ ዋና ከተማዋ ግን "ዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ" በሚለው ስም ተለይታ ትገኛለች። ከዚህም በላይ "ዲሲ ነው የምኖረው" የሚል ዘመድ በእርግጥ የሚኖረው ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ሊሆን ይችላል። የሚያስታርቀው ዚፕ ኮዱ ነው፤ በ981 የሚጀምር ከሆነ ሲያትል ነው፣ ከዲሲ ጋር አይገናኝም። ዚፕ ኮድ አምስት አኃዝ አለው፤ እንደ ማሳቹሴትስ ባሉ ስቴቶች በዜሮ ስለሚጀምር ዜሮውን አይቁረጡት።

ይህ አድራሻ ግሪን ካርዱ የሚላክበትን አድራሻ አይለውጥም። ካርዱ የሚላከው በቪዛ ማመልከቻው ላይ ወደሰጡት አድራሻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ተለውጦ ከሆነ መግቢያው ላይ ለድንበር ሹሙ ይንገሩ።

ደረጃ 8፦ ባዶ የሚተዉ ሳጥኖች

"ኖውን ትራቨለር ነምበር" እና "ሪድሬስ ነምበር" የሚሉት ሳጥኖች አሜሪካ መንግሥት ለተወሰኑ ሰዎች የሰጣቸው ቁጥሮች ናቸው፤ ከሌለዎት ባዶ ይተዉ። ብዙዎች ባዶ ቦታ ስለሚያስፈራቸው የጉዳይ ቁጥራቸውን እዚህ ይጽፉታል፤ አይጻፉ።

የመመለሻ ትኬት ወይም የመውጫ ቀን የሚጠይቅ ሳጥን ሲመጣ የአንድ መንገድ ጉዞ መሆኑን ይምረጡ። የኢሚግራንት ቪዛ የያዘ ሰው የመመለሻ ትኬት እንዲኖረው አይገደድም።

"ኢስታ አለዎት?" ሲባል "የለኝም" ይበሉ፤ ለማውጣትም አይሞክሩ። ኢስታ ያለ ቪዛ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው አገሮች ዜጎች ፈቃድ ሲሆን ቪዛ ያለው ሰው አያስፈልገውም። በፍለጋ የሚመጡ አስመሳይ ድረ ገጾች ለዚህ ገንዘብ ስለሚቀበሉ ካርድዎን እዚያ አያስገቡ።

ደረጃ 9፦ ቤተሰብ አብሮ ሲጓዝ

ለእያንዳንዱ ሰው፣ በእቅፍ ለሚሄድ ሕፃንም ጭምር፣ ለየብቻ ይሞላል። አራት አምስት ፓስፖርት ተከፍቶ ሲሞላ የአንዱ ልጅ ቁጥር ለሌላው መግባቱ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ የሚሞሉትን አንድ ፓስፖርት ብቻ ከፍተው ሌሎቹን ከድነው ያስቀምጡ። ሲጨርሱ ፓስፖርቱን ሳይዘጉ የስሙን፣ የልደት ቀኑንና የቁጥሩን የመጨረሻ ሦስት አኃዞች ጮክ ብለው ሲያነቡ ሌላ ሰው ከስክሪኑ ላይ ያረጋግጥልዎ። ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ በራሱ የሚሞላውን አይመኑ፤ የአባትየውን ኢሜይልና የልደት ቀን ለልጁ ይደግመዋል።

ቤተሰቡ ተከፋፍሎ የሚጓዝ ከሆነ፣ ለምሳሌ በዲቪ፣ ዋናው አመልካች ከሌሎቹ ቀድሞ ወይም አብሮ መግባት አለበት። ዲቪ2 (የትዳር ጓደኛ) ወይም ዲቪ3 (ልጅ) የያዙት ቀድመው አይሂዱ። ቪዛው ከተሰጠ በኋላ ሕፃን ከተወለደ ደግሞ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ኤምባሲውን ያነጋግሩ።

ደረጃ 10፦ ያስቀምጡ፣ ይውጡ፣ ተመልሰው ይግቡ

"አስቀምጥ" የሚለውን ከተጫኑ በኋላ ገጹን ዘግተው በቦታ ማስያዣ ኮዱና በቤተሰብ ስምዎ እንደገና ይግቡ። የጻፉት ሁሉ እንዳለ መቀመጡን ይመልከቱ፤ የስክሪኑንም ፎቶ ያንሱ። ጉዞው በሁለት አየር መንገዶች የሚከናወን ከሆነ የአንዱ መረጃ ለሌላው ላይደርስ ስለሚችል፣ ወደ አሜሪካ የሚያስገባዎትን በረራ የሚያበርረው አየር መንገድ ድረ ገጽ ላይም ገብተው ያረጋግጡ።

ይህን ሁሉ ከጉዞው ከአንድ ሳምንት በፊት ቢጨርሱት የሚገኝ ስሕተት የሚታረምበት ጊዜ ይኖርዎታል።

ደረጃ 11፦ ቼክ ኢን

በኢንተርኔት ቼክ ኢን ማድረግ ላይፈቀድልዎት ይችላል፤ "ሰነድዎን በአውሮፕላን ማረፊያ ያረጋግጡ" የሚል መልእክት ለመጀመሪያ ጊዜ በኢሚግራንት ቪዛ ለሚጓዝ ሰው የተለመደ ነው። ገጹን ለማታለል ምርጫዎችን እየለዋወጡ ደጋግመው አይሞክሩ። ይልቁንም ከተለመደው ቀደም ብለው ይድረሱ፤ ከመነሻው አራት ሰዓት በፊት መድረስ አይበዛም።

1. ፓስፖርቱን ቪዛው ያለበት ገጽ ላይ ከፍተው ይስጡና የኢሚግራንት ቪዛ መሆኑንና የመጀመሪያ ጉዞዎ መሆኑን ይናገሩ።
2. ቅጹ ላይ ሳይሞሉ የተዉት ክፍል ካለ ያንን ለይተው ይግለጹ።
3. የታሸገ ፖስታ ከኤምባሲው ተሰጥቶዎት ከሆነ በእጅ ሻንጣዎ ውስጥ ይያዙት፤ በምንም ምክንያት አይክፈቱት። አሁን አብዛኞቹ ቪዛዎች ሰነዳቸው በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለሚተላለፍ ፖስታ የላቸውም፤ ይህም ቪዛው ላይ በማስታወሻ ይጻፋል። ሠራተኛው ፖስታ ከጠየቀዎት ማስታወሻውን ያሳዩት።
4. ቦርዲንግ ፓሱን ሲቀበሉ ከመስኮቱ ሳይርቁ ስምዎንና የተከታዩን በረራ ቦርዲንግ ፓስ ያረጋግጡ።

ቦርዲንግ ፓሱ ላይ "ኤስ" የሚለው ፊደል አራት ጊዜ ታትሞ ካዩ ተጨማሪ የደኅንነት ፍተሻ ይደረግልዎታል ማለት ነው፤ ከቪዛዎ ጋር የተያያዘ ጉድለት አይደለም። ጊዜ ስለሚወስድ ግን ወደ መሳፈሪያው በር ቶሎ ይሂዱ።

አንድ ነገር ሲበላሽ

ግሪን ካርድ የሚለውን መርጠው አስቀምጠው ከሆነ፦ ገጹ ማረም ከፈቀደ ሰነዱን ሰርዘው ቪዛውን ያስገቡ። ካልፈቀደ ለአየር መንገዱ ደውለው ሁለተኛው ሰነድ እንዲሰረዝ ይጠይቁ፤ ይህም ካልተቻለ ቼክ ኢን ላይ ሳይጠየቁ ራስዎ አስቀድመው ይንገሩ። ሠራተኛው ፓስፖርቱንና ቪዛውን በእጁ አይቶ እንደገና ማስገባት ይችላል።

ቪዛው ከተሰጠ በኋላ አዲስ ፓስፖርት አውጥተው ከሆነ፦ ቪዛውን ከአሮጌው ፓስፖርት ለመላጥ አይሞክሩ። ከትኬቱ በፊት ቪዛውን የሰጠውን ኤምባሲ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይያዙ፤ ሲጓዙም ሁለቱንም ፓስፖርቶች ይያዙ።

ሠራተኛው የመመለሻ ትኬት ወይም ግሪን ካርድ አምጡ ቢልዎት፦ በትሕትና ቪዛው ላይ ያለውን "ኢሚግራንት" የሚለውን ጽሑፍና ከማኅተም በኋላ ለአንድ ዓመት እንደሚያገለግል የሚገልጸውን መስመር ያሳዩ። ካልተስማማ ኃላፊውን እንዲጠራ ይጠይቁ። አየር መንገዶች ሰነድ የሚያመሳክሩበት ቲማቲክ የሚባል ሥርዓት አላቸው፤ በዚያ ላይ የቪዛው ዓይነት ኢሚግራንት ተብሎ እንዲፈለግ ይጠይቁ፤ የጎብኚ ቪዛ ተብሎ ከተፈለገ የሚመጣው መልስ የተለየ ነው።

ሥርዓቱ ለመሳፈር ፈቃድ አልመለሰም ቢባሉ፦ መጀመሪያ ስም፣ የልደት ቀንና የፓስፖርት ቁጥር በትክክል መግባታቸውን ሠራተኛው ከፓስፖርቱ ላይ እንዲያነብ ያድርጉ። አንድ አኃዝ መሳት ይበቃል። ሁሉም ትክክል ሆኖ ካልተፈቀደ አየር መንገዱ የድንበር ጥበቃውን መሥሪያ ቤት በቀጥታ የሚያነጋግርበት መስመር ስላለው እንዲደውልልዎት ይጠይቁ። ጥሪው እስኪጠናቀቅ ከመስኮቱ አጠገብ ይቆዩ፤ ሻንጣዎ አስቀድሞ ገብቶ ከሆነም የሻንጣውን ቁጥር የያዘውን ወረቀት አይጣሉ።

በረራው ቢያመልጥዎ ወይም ቢለወጥ፦ አዲሱ በረራ አዲስ ቦታ ማስያዣ ከሆነ የተሳፋሪው መረጃ አብሮ ላይሻገር ስለሚችል እንደገና ገብተው ይዩት። የአዲሱ በረራ መድረሻ ቀንም ከቪዛው ማብቂያ በፊት መሆኑን ትኬቱን ከመቀበልዎ በፊት ያመሳክሩ።